ዝም ብለን ነበር የምንጫወተው

እማዬ የስፖርት አስተማሪ የሆነችው በአርባ ሦስት ዓመቷ ነው። አርባ ሦስት! ልማር ነው ብላ መጀመሪያ ስትነግረን የምትቀልድ ነበር የመሰለኝ። አባዬማ ሹካውን አስቀምጦ "የምን ስፖርት? ደረጃ ስትወጪ ሁለቴ የምታርፊው ሴትዮ?" ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እሷ ግን ፈገግ እንኳን አላለችም። "ተመዝግቤያለሁ" አለች። በቃ። እማዬ እንደዛ ናት፣ ነገሩን ከጨረሰች በኋላ ነው የምትነግራችሁ።

ከዚያ በፊት ነርስ ነበረች። እንዲሁ ነርስ እንዳትመስላችሁ፣ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ለሐኪሙ መሣሪያ የምታቀብለዋ። አሥራ ስምንት ዓመት! እኔ ሳልወለድ ጀምራ መቀስ ስታቀብል ኖራለች ማለት ነው። ለምን እንደምትተወው ስጠይቃት ምን አለችኝ መሰላችሁ? "ሰው ተኝቶ ብቻ ማየት ሰለቸኝ። የሚሮጥ ሰው ማየት አማረኝ።" ውይ! ሁልጊዜም እወዳታለሁ፣ ያን ቀን ግን ሌላ ነበር፣ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቅም አልኩ። በልጅነቷ መረብ ኳስ ትጫወት እንደነበር እንኳን ያወቅኩት ያኔ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀን እየሠራች፣ ከሥራ ስትወጣ እየተማረች፣ ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ልጆች ጋር ሜዳ እየዞረች፣ የእግር ጥፍሯ ወልቆ እንደገና እስኪበቅል ድረስ፣ ጨረሰች። እና የት መደቧት? ገምቱ እስቲ። እኔ ትምህርት ቤት!

የመጀመሪያው ቀን መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ነበር ያልኩት። ሰማያዊ ቱታ ለብሳ፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራ ስትገባ ክፍሉ በሙሉ ወደኔ ዞረ። ሎጋ በክርኗ ጎሸመችኝና "አንቺ፣ እናትሽ እኮ ካንቺ ታምራለች" አለችኝ። ሎጋ የልቤ ጓደኛ ናት። ቁመቷ የበሩን መቃን ሊነካ ምንም አይቀረው፣ ስሟን የሚጠራት ሰው የለም፣ ሁሉም ሎጋ ነው የሚላት። እኔን ደግሞ ለፍላፊት ነው የሚሉኝ። ለምን እንደሆነ እያያችሁት ነው።

ምን ብዬ ልጥራት ታዲያ? ጨነቀኝ። "ግቢ ውስጥ ቲቸር ነኝ፣ ቤት እናትሽ ነኝ፣ መንገድ ላይ እንደፈቀደሽ" አለችኝ። መንገድ ላይ እሜቴ እያልኩ አበሽቃት ነበር።

የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ያቋቋመችው በሦስተኛው ሳምንት ነው። የመጀመሪያ ቀን ልምምዳችንን ብታዩት! "የኔ! የኔ! ተይው! አንቺ ነሽ እኮ! ኧረ ልቀቂው!" ገበያ በሉት። መረብ ኳስ የሚጫወት ሰው ሁሉ እንደዛ ነው፣ ኳሱን የሚወስደው "የኔ" ብሎ ይጮሃል፣ ሌላው ይለቅለታል። እማዬ እጇን ወደ ላይ አነሳችና ቆመች። ዝም ብላ። እኛም አንድ በአንድ ዝም አልን።

"እኔ በነበርኩበት ክፍል ማንም አይጮህም" አለች። "ሐኪሙ መቀስ ስጪኝ አይልም። እጁን ይዘረጋል፣ መቀሱ እጁ ላይ ነው። ምን እንደሚፈልግ ሳይፈልገው ነው የማውቀው። እዚያ ክፍል ጩኸት ከተሰማ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። እናንተም እንደዛ ትሆናላችሁ።"

"ቲቸር፣ ማስነጠስ ይቻላል?" አለች ጡጦ። ጡጦ የቡድናችን ትንሿ ናት።

"ቀስ ብለሽ።"

ሳቅን፣ ግን የምሯን ነበር። ኳሱን የምትወስደዋ ልጅ መዳፏን ከወገቧ ጎን ከፈት አድርጋ ታሳያለች፣ የቀረነው አይተን እንለቃለን። ይኸው ነው ሕጉ። ሁለት ወር ሙሉ ከኳሱ በፊት ጫማ ስንቀባበል ነበር። ጫማ! ክብ ሠርተን ቆመን፣ ጠመኔ፣ ማንኪያ፣ የሎጋን ትልቅ ጫማ፣ ሳንተነፍስ ከእጅ ወደ እጅ። የወደቀባት ሜዳውን ትዞራለች። ሰዉ አበዱ ይለን ነበር።

ግን ሠራ እኮ! እንዴት ልንገራችሁ፣ አምስት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፍን። ሌሎቹ ቡድኖች ይጮሃሉ፣ ይንጫጫሉ፣ ከኛ በኩል የሚሰማው የጫማ ጭረት ብቻ ነው። ማን እንደሚመታ አያውቁማ! ሎጋ ከየት እንደመጣች ሳያዩዋት አየር ላይ ናት፣ ኳሱ መሬት ነው። "ዱዳዎቹ መጡ" ይሉን ጀመር፣ እኛም ወደድነው፣ ጡጦ ደብተሯ ላይ ሁሉ ጽፋዋለች። ሎጋን ከትልቁ የስፖርት ማሠልጠኛ መጥተው አዩዋትና ትምህርት ሲዘጋ እዚያ እንድትገባ መረጧት። ያን ቀን ጮኸች ብላችሁ! ከሜዳ ውጪ ስለነበር ይፈቀዳል።

እማዬስ? እማዬ ቤት ውስጥ ስታንጎራጉር መጀመሪያ የሰማኋት ያኔ ነው። ምን ማለት እንደሆነ አይገባችሁም። በፊት ከሥራ ስትመጣ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ሳታወልቅ ግድግዳ የምታይ ሰው ነበረች። አባዬ "አሁንማ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ነው፣ ሰፈሩን ልታፈርስብን ነው" ይላል።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀረው። የመጀመሪያው ዓመት የሙከራ ነው። ከትምህርት ቢሮ የተመደበችላት ሱፐርቫይዘር እየመጣች ታያታለች፣ ትጽፋለች፣ መጨረሻ ላይ ወይ ቋሚ ትሆናለች ወይ ደህና ሁኚ። ሆስፒታሉ ደግሞ ቦታዋን ለሌላ ሰጥቶታል። "ካልሆነስ እማዬ?" ስላት "ካልሆነ ግድግዳዬ አለ" አለችኝ፣ እየሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

እና እኔ፣ ታውቁኛላችሁ፣ ዝም ማለት አልችልም። በልምምድ ላይ ኳሱ ሲመጣ "የኔ!" ያመልጠኛል። ባመለጠኝ ቁጥር ጨዋታው ይቆማል፣ እጇ ይነሳል፣ እኔ አግዳሚ ወንበር።

"ቲቸር፣ ዓለም በሙሉ እኮ ይጮሃል!"

"ዓለም ይጩህ። አንቺ ቁጭ በይ።"

አንድ እሁድ ቤት ሽንኩርት እየላጥን አንስቼባት ነበር። "እማዬ፣ ኳሱ በጣም ከፍ ሲልስ? ሁላችንም ወደ ላይ ነው የምናየው። መዳፌን ማን ያየዋል?"

"ትተያያላችሁ።"

"እንዴት አድርገን? አንገታችን እኮ አንድ ነው!"

"እኛስ አሥራ ስምንት ዓመት እንዴት ተያየን?"

መልሱ አሁን አለኝ። ከእንቅልፌ ብታነቁኝም እለዋለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሁሉም ሰው የሚያየው አንድ ቦታ ነው፣ ታች፣ የተኛው ሰው ላይ፣ እጆቹም እዚያው ናቸው። እኛ ኳሱ ሰማይ ላይ ነው፣ እጃችን ወገባችን ጋ ነው። ይኸው። ይህችን ታህል ነገር ናት። ያን እሁድ ብትመጣልኝ ኖሮ። እኔ ግን ሽንኩርቱ ዓይኔን አቃጠለኝና ተነስቼ ፊቴን ልታጠብ ሄድኩ፣ ስመለስ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመርኩ። ለፍላፊት።

የመጨረሻው ጨዋታ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ በትምህርት ቤታችን ትልቁ አዳራሽ ውስጥ። ጠዋት ቱታዋን ስትተኩስ አንዱን እጅጌ ሦስቴ ስትደጋግመው አየሁ። ዳይሬክተሩ አንድ ቀን ቀደም ብሎ "ነገ ሱፐርቫይዘሯ ትመጣለች፣ ያንቺን ዘዴ ልታይ ነው፣ ደስ ብሏታል፣ ከዚያ ወረቀቱን እንፈርማለን" ብሏት ነበር። እማዬ ደግሞ አዳራሹ በር ላይ የማሊያዬን አንገት እያስተካከለች "የኔ ልጅ፣ ዛሬን ብቻ አፍሽን ያዥልኝ" አለችኝ። ግቢ ውስጥ ነበርን፣ ግን የኔ ልጅ ነው ያለችኝ።

ሦስተኛው ዙር ላይ እኩል ነበርን። ሕዝቡ እግሩን ወለሉ ላይ ይደበድባል። ሱፐርቫይዘሯ ከእማዬ አጠገብ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ሁለት ነጥብ ነው የቀረን። ሁለት!

እነሱ ኳሱን አክርረው መቱት፣ የጡጦን ክንድ ነክቶ ወደ ላይ ተነሳ፣ ወደ ጣሪያው፣ መብራቶቹ መሃል ገባ። ሎጋ ፊት ነበረች፣ እኔ ኋላ። የሚወርደው በመሃላችን ነው፣ ግን ወደኔ ያደላል። የኔ ነበር። እርግጠኛ ነኝ። ሎጋ አንገቷን ወደ ላይ ሰብራ የኋሊት እየመጣች ነበር፣ ጀርባዋን ነው የማየው።

አፌን ከፈትኩ። አየሩ ገብቶ ደረቴን ሞልቶታል፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነው። እና ወደ እማዬ አየሁ። ለአንዲት ቅጽበት። እሷም እያየችኝ ነበር።

ዘጋሁት። መዳፌን ከወገቤ ጎን ዘረጋሁ፣ በሥርዓቱ፣ እንደተማርኩት፣ ማንም ሳያየው።

ሁለታችንም ዘለልን። ስንወርድ እኔ ነኝ እላይዋ ላይ የወረድኩት፣ ሙሉ ክብደቴ፣ የቆመችበት እግሯ ላይ፣ ከጎን። የተረገጠ ካርቶን የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ኳሱ ነጠረ፣ ነጠረ፣ ተንከባለለ። ከዚያ ሎጋ ጮኸች። ዓመቱን ሙሉ ሜዳ ውስጥ ያልጮኸችውን ሁሉ።

እማዬ እንዴት እንደደረሰች አላውቅም። ብቻ ወለሉ ላይ ተንበርክካለች። እጇ ጠዋት እጅጌውን ሦስቴ የተኮሰው እጅ አይደለም፣ ጸጥ ብሏል። በግራ እጇ የሎጋን ጉልበት ከስር ደገፈች፣ ዓይኗን ከጉልበቱ ሳትነቅል ቀኝ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። መዳፏ ክፍት ነው። ትጠብቃለች።

ሌላ ሰው እጁን ሲዘረጋ የምትሞላው እሷ ነበረች። አሁን እሷ ዘረጋች፣ ማን ይሙላው? ፋሻ ይሁን፣ በረዶ ይሁን፣ እንጨት ይሁን አናውቅም። አምስታችን ከብበን ቆመን ያንን ባዶ እጅ ስናይ ነበር።  መጨረሻ ላይ ጡጦ እያለቀሰች የራሷን የጸጉር ማሰሪያ አስቀመጠችበት። እማዬ ያኔ ዞራ አየችን። ፊቷን ያን ቀን ነው ያጣሁት፣ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

ሎጋን የወሰዷት እማዬ ወደነበረችበት ሆስፒታል ነው። እማዬ ኮሪደሩ ላይ በቱታ ተቀምጣ፣ እኔ አጠገቧ፣ የሎጋ እናት ፊት ለፊታችን። አንዲት ነርስ ከውስጥ ወጣች፣ እማዬን ስታይ ፊቷ በራ። "አንቺ! ጠፋሽ እኮ! ስፖርት ታስተምራለች ብለውኝ ሳላምን! እንዴት ነው ታዲያ፣ ደስ ይላል?"

"ደህና ነው" አለች እማዬ።

የሎጋ እናት ብትሰድበን በተሻለን። ቦርሳዋን አቅፋ የእማዬን ጫማ ብቻ ስታይ ቆየች።

ሎጋ ትራመዳለች አሉ ሐኪሞቹ። በስድስት ወር፣ በስምንት ወር፣ ትንሽ እያነከሰች። መዝለል ግን አይታሰብም። ማሠልጠኛው ቦታዋን ለሌላ ልጅ ሰጠ፣ በሳምንቱ፣ በደብዳቤ።

ሎጋን ልጠይቅ ቤቷ ሄድኩ። አልጋው አጥሯት እግሯ ከጫፉ ወጥቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ስንት እንስቅ ነበር! ብርቱካን ይዤላት ነበር፣ ልላጥልሽ አልኳት፣ አልፈልግም አለች። ከዚያ እኔ ማውራት ጀመርኩ፣ ስለ ክፍሉ፣ ስለ ሒሳብ አስተማሪው አዲስ ሱሪ፣ ማቆም አቃተኝ፣ አፌ ብቻውን ይሄዳል።

"ለምን አልጮህሽም?" አለችኝ መሃል ላይ።

"ምን?"

"አንቺ። ክፍል ውስጥ የምታወሪ፣ ሽንት ቤት የምታወሪ፣ ፈተና ላይ የምታወሪ። አንዲት ቃል። ከኋላዬ እንዳለሽ አላወቅኩም እኮ።"

ለእማዬ ብዬ ነው ልላት ነበር። ይሄ ምን ዓይነት መልስ ነው? ለእናቴ ወረቀት ብዬ ነው እግርሽን የሰጠሁት ልበላት? ብርቱካኑን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ፣ አንዱ ተንከባሎ ወደቀ፣ አነሳሁት። "ሂጂ በቃ፣ ልተኛ ነው" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ እናቷ በር ላይ "ተኝታለች" ብላኛለች። ሬዲዮው ግን ከውስጥ ይሰማኛል።

አሁን ደግሞ የማይታመነውን ስሙኝ። እማዬ ቋሚ ሆነች! ሱፐርቫይዘሯ "በጨዋታ ላይ የሚያጋጥም ድንገተኛ አደጋ" ብላ ጻፈች። ስለ ዘዴዋ "ሥርዓት ያለው፣ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች የሚመከር" አለች። የሚመከር! ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን በሁለት እጁ ሰጣት፣ እንኳን ደስ አለሽ አላት። እማዬ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ እንዳይጮሁ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ" ብላ ለመናገር ሞከረች። "ኧረ ተይ እባክሽ፣ ኳስ ነው፣ ኳስ ላይ ይሰበራል" አላት። የሚቀጣት ሰው ለመነች ማለት ይቻላል፣ አጣች። አባዬ ደብዳቤውን ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው መዶሻ ሲፈልግ ከእጁ ቀማችውና ሳህኖቹ ስር ከተተችው።

አሁን ስፖርት ክፍለ ጊዜ ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ? እንቀመጣለን። ሜዳው ላይ በሰልፍ፣ አንዱ ከሌላው አንድ ክንድ ርቀን፣ እግራችንን አጣጥፈን። የኳሱ ቁም ሳጥን ተቆልፏል። እሷ የጨዋታ ሕግ ታነባለች፣ እኛ ደብተር ላይ እንገለብጣለን። የመስመሩ ስፋት፣ የመረቡ ቁመት። አንድ ልጅ እንኳን ለመንጠራራት ከተነሳ "ተቀመጥ!" ትላለች፣ በድንጋጤ፣ እሳት ሊነካ ባለ ሕፃን ላይ እንደሚጮህ ሰው። የሚሮጥ ሰው ማየት አማረኝ ያለችው ሴትዮ።

ጡጦ አንድ ቀን "ቲቸር፣ ዛሬስ እንጫወታለን?" አለቻት።

"ነገ።"

"ነገ እኮ ስፖርት የለንም።"

"እንግዲያው ሌላ ቀን" አለችና ማንበቧን ቀጠለች። ጡጦ ቡድኑን ለቃለች አሁን። ቡድንም የለም፣ ከምኑ እንደለቀቀች እንጃ።

ለእማዬ ልነግራት ይገባል አልኩ። በውስጤ ሆኖ አላስተኛኝ አለ፣ የምትወዱት ሰው ፊት ነገር ደብቃችሁ ስትበሉ፣ ስትጠጡ፣ እንዴት ነው? ምናልባት ደግሞ፣ ይሄን አስቤ ነበር፣ ምናልባት ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ስታውቅ እሷ ይቀላታል። ትቆጣኛለች፣ በጥፊ ትለኛለች፣ ከዚያ አልቅሰን ይወጣልናል። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

ትናንት ልብስ እያሰጣን ነበር። እሷ ትጨምቃለች፣ እኔ እሰቅላለሁ።

"እማዬ፣ ልጮህ ነበር" አልኳት።

ልብሱን መጭመቅ አላቆመችም።

"ያን ቀን። የኔ ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነው የመለስኩት። አንቺን አየሁና ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም፣ እየሰማሽኝ ነው? ስታይኝ ነው የዘጋሁት።"

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን ታውቂያለሽ?"

"አፍሽን ስትከፍቺ አይቼሻለሁ።" ውኃው ከእጇ ላይ ይንጠባጠባል። "ስትዘጊውም አይቻለሁ። ሎጋም እየመጣች እንደሆነ አየሁ፣ ከተቀመጥኩበት ሁሉም ይታየኛል። እና አንቺ ስትዘጊው፣" አለች፣ ቆመች፣ እንደገና ጀመረች፣ "ስትዘጊው ደስ አለኝ። ይኸው ተማረችልኝ አልኩ። ኳሱ ገና አየር ላይ ነበር፣ እኔ በልጄ ስኮራ ነበር።"

አታለቅስም። ብታለቅስ እኔም አለቅስ ነበር። አንሶላውን ሰጠችኝ፣ ተቀበልኳት፣ ገመዱ ላይ ወረወርኩት። የምላትን ነገር ፈለግኩ። እናንተዬ፣ ፈለግኩ! ምንም ይሁን፣ ቀልድም ይሁን፣ ውሸትም ይሁን። እሷ ባዶውን ባሊ አንስታ ገባች። ከኋላዋ ስገባ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች፣ እርጥብ ጫማዋን አላወለቀችም።

ዛሬ አባዬ "ምን ሆናችሁ እናንተ፣ ቤቱ እንዲህ ጭጭ ያለው?" አለ። እማዬ ሳህኑን አቀበለችው። ነገ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ስፖርት ነው፣ የኛ ክፍል። ደብተሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ሄጄ እቀመጣለሁ፣ እሷ ታነባለች፣ እኔ እገለብጣለሁ።